ሀራራና ምርቃና፦ ካላስደሰተው ለምን ተመለሰ?

(ከሬዲዮ ፕሮግራማችን የተወሰደ)

   

ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ሳይቋረጥ የሚመላለስ አንድ አለ። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። አነጋገራቸው ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፦ "ልጄ ሱስ ይዞት ነበር። አልሐምዱሊላህ ተወው። ሰውነቱ ተመለሰ፣ መስጂድ መመላለስ ጀመረ፣ ሦስት ወር ሙሉ በእጁ አልነካውም። አንድ ቀን ግን ከሥራ ሳይመለስ አመሸ። ተመልሶ ገብቶበታል። 'ምን አገኘህበት?' ስለው 'ምንም፤ እንደ ድሮው እንኳ አያስደስተኝም' ይለኛል። ካላስደሰተው ለምን ተመለሰ? እየዋሸኝ ነው ወይስ ንቆኝ?"

ጎረቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም። አንዱ "ባለጌ ነው" ይላል፣ ሌላው "ዱላ ነው የጎደለው" ይላል። "ኢማን ቢኖረው አይመለስም ነበር" ብሎ ነገሩን የሚዘጋም አይጠፋም። እኛ ዛሬ ይህንኑ የእናቶች ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ካደረጉ አንድ ሰው ጋር ልናስተዋውቃችሁ አስበናል። ሰውየው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ናቸው። ስማቸው ኬንት ቤሪጅ ይባላል፤ አብዛኛውን ሥራቸውን የሠሩትም አሜሪካ ውስጥ አን አርቦር ከተማ በሚገኘው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው።

የርሳቸውን ግኝት ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገቡ። አይጧ ከፊቷ ያለውን መጫኛ በተጫነች ቁጥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል አንጎሏን ይነካታል። አይጧም መጫን ጀመረች፤ ደጋግማ ደጋግማ ተጫነች። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሚጫኑ አይጦች ታዩ። "በአንጎል ውስጥ የደስታ ቦታ ተገኘ" ተብሎ ተወራ። ቆየት ብሎም በዚያ አካባቢ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት እንደሚያደርስ ሲታወቅ፣ ዶፓሚን "የደስታ ኬሚካል" የሚል ስም ወጣለት። እስከ ዛሬ በየመጽሔቱና በየሬዲዮው በዚሁ ስም ሲጠራ እንሰማለን።

ኦልድስ እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ፕሮፌሰር ቤሪጅ በኋላ ያገኙት የፕሮፌሰርነት ማዕረግም በኦልድስ ስም የተሰየመ ነው። የሚገርመው የኦልድስን ስም በማዕረጋቸው የተሸከሙት እኚሁ ሰው፣ ከኦልድስ ግኝት የተወሰደውን ትርጉም የሚገለብጥ ነገር ማግኘታቸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይጥ ተናግራ "ጣፈጠኝ" አትልም። ታዲያ መደሰቷ በምን ይታወቃል? በልጆቻችሁ ላይ ተሕኒክ ሲደረግ ያያችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። ተምር ተላምጦ በአራስ ሕፃን ላንቃ ላይ ሲቀባለት ሕፃኑ ምላሱን እያወጣ ከንፈሩን ይልሳል። መራራ መድኃኒት ቢቀምስ ደግሞ አፉን ከፍቶ ፊቱን ያጨማድዳል። ይህንን ማንም አላስተማረውም፤ ፈጣሪው አብሮት የፈጠረው ነው። ዝንጀሮም አይጥም ለጣፋጭና ለመራራ ተመሳሳይ የፊት ምልክት አላቸው። ፕሮፌሰር ቤሪጅ የአይጦችን ፊት በቪዲዮ እየቀረጹ፣ ፊልሙን ቀስ እያደረጉ፣ እያንዳንዷን የምላስ እንቅስቃሴ መቁጠር ሥራዬ ብለው ያዙ። እንዲህ ያለ ሥራ ለሚያየው ዋዛ ይመስላል፤ ብዙ ነገር የተገለጠው ግን በዚህ ቆጠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከፕሮፌሰር ቴሪ ሮቢንሰን ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። በጥናቱ ከአንጎላቸው ዶፓሚን እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦች ነበሩ። እነዚህ አይጦች ምግብ ከፊታቸው ቢቀመጥ አይሄዱበትም፤ በቱቦ ካልተመገቡ በረሃብ ይሞታሉ። ዶፓሚን የደስታ ኬሚካል ከሆነ እንግዲህ ስኳር አፋቸው ላይ ሲደረግ ደስታ ሊታይባቸው አይገባም ነበር። ተመራማሪዎቹም የጠበቁት ይህንኑ ነበር። አይጦቹ ግን እንደማንኛውም ጤነኛ አይጥ ምላሳቸውን እያወጡ ከንፈራቸውን ላሱ። ደስታቸው እንዳለ ነበር፤ የጠፋው መፈለጋቸው ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ተሞከረ። በኤሌክትሪክ የአንጎላቸው የፍላጎት መስመር የተነካ አይጦች ጠግበው ሳለ እንኳ ተነስተው ይበሉ ጀመር። ፊታቸው ላይ ግን ምግቡ ይበልጥ እንደጣፈጣቸው የሚያሳይ ምንም ምልክት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ሌላ ጥናት በዘረመል ለውጥ ዶፓሚን እንዲበዛባቸው የተደረጉ አይጦች ወደ ጣፋጩ ከሌሎች ፈጥነው ሲሮጡ ታዩ፤ ሲደርሱበትና ሲቀምሱት ግን ከሌሎቹ የበለጠ አልተደሰቱም።

ውድ አድማጮቻችን! ከዚህ ሁሉ የወጣው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ አንድን ነገር መፈለግና በዚያ ነገር መደሰት በአንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚሄዱ አንድ ይመስሉናል። ሊለያዩ ግን ይችላሉ። የፍላጎቱ መስመር ሰፊና ጠንካራ ነው፤ ዶፓሚንም በዋናነት የርሱ ነው። የደስታው ግን በጣም ጠባብ ነው። በአይጥ አንጎል ውስጥ ከተገኙት የደስታ ነጥቦች አንዷ ስፋቷ አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ምሁራኑ ይህንን በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ተቸግረው "መፈለግ" የሚለውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ለማስገባት ተገደዋል። ተራው የፍላጎት ቃል አልበቃቸውም። የኛ ሰው ግን አልተቸገረም፤ ሁለት ቃል አለው። ቃሚው ሰዓቱ ሲደርስ የሚያቅበጠብጠው፣ ሥራ የሚያስፈታው፣ ከቤት የሚያስወጣው "ሀራራ" ነው። ቅሞ ሲያበቃ የሚሰማው ደግሞ "ምርቃና" ነው። አንድም ቃሚ ሁለቱን አያምታታም። በመድረሳም ሸህዋ ሌላ፣ ለዛ ሌላ መሆኑን ተምረናል። የቆየ ቃሚ አጠገብ ብትቀመጡ "ምርቃናው እንደ ድሮው አይደለም፤ ሀራራው ግን ገደለኝ" ሲል ትሰሙታላችሁ። ፕሮፌሰሮቹ በቤተ ሙከራ የደረሱበት ነገር ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ሮቢንሰንና ቤሪጅ ይህንን ሐሳብ ወደ ሱስ አመጡት። ከዚያ በፊት በሰፊው ይነገር የነበረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው "ሱሰኛ የሚወስደው ደስታ ፈልጎ ነው" የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው "ሲያቋርጥ የሚመጣበትን ሕመም ሸሽቶ ነው" የሚል ነው። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን የማቋረጥ ሕመሙ የቀናት ወይም የሳምንታት ነገር ነው። ጫት ያቆመ ሰው ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል፣ ቀን ይፈዛል፣ ይነጫነጫል፤ ከዚያ ይለቀዋል። ልጁ ግን የተመለሰው ሕመሙ ከለቀቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው! ደስታውም ቢሆን ቀንሷል፤ ሰውነት ሲለምድ ያው መጠን የድሮውን ያህል አያስደስትም።

የነርሱ መልስ እንዲህ የሚል ነው። አደንዛዥና አነቃቂ ነገሮች ደጋግመው ሲወሰዱ፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የፍላጎቱን መስመር ስል ያደርጉታል። ቢላዋ ሲሳል እንደሚሆነው ማለት ነው። ደስታው ይደነዝዛል፣ ፍላጎቱ ይሳላል። ይህ ስለት ደግሞ ሕመሙ ሲያልፍ አብሮ አያልፍም፤ ሰውየው ካቆመ ብዙ ጊዜ በኋላ እንኳ ሊቆይ ይችላል። ፕሮፌሰር ሮቢንሰን ይህንን በአይጦች ላይ ሲያጠኑ የነበረው አምፌታሚን በተባለው አነቂ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። ካቲኖን እ.ኤ.አ. በ1975 ከትኩስ የጫት ቅጠል ተለይቶ የወጣ ንጥረ ነገር ሲሆን ቅጠሉ ሲጠወልግ ይጠፋል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ እንደ እሳት አደጋ መኪና የሚሮጠው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናትም ጫት በተደጋጋሚ የተሰጣቸው አይጦች ላይ ይኸው መሳል ታይቷል። በርግጥ ጫትና ሄሮይን በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ የጫቱ ቀለል ያለ ነው። መስመሩ ግን ያው መስመር ነው።

በአይጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፓርኪንሰን የሚባለው የመንቀጥቀጥ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የዶፓሚንን ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል። ከነርሱ መካከል ጥቂት የማይባሉት፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቁማር ነክተው የማያውቁ ትልልቅ ሰዎች፣ በመድኃኒቱ ምክንያት ቁማር ወይም የማያስፈልጋቸውን ዕቃ መግዛት ማቆም ያቅታቸዋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ሲቀንስላቸው ወይም ሲለውጥላቸው አብዛኞቹ ይተዉታል። ፍላጎት ከደስታ ተለይቶ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችልም እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሮፌሰር ቤሪጅ ቤተ ሙከራ ባሳተመው ጥናት ታይቷል። በዚህ ጥናት አንድ የአንጎል ክፍላቸው በብርሃን እንዲነቃ የተደረጉ አይጦች በኤሌክትሪክ ወደሚያቃጥላቸው ዘንግ ደጋግመው ሲመለሱ ተስተውለዋል። ዘንጉ ያማቸዋል፤ ይመለሱበታል።

እንግዲህ ያ ልጅ "አያስደስተኝም" ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። እናቱም "ንቆኝ ነው" ብላ መደምደም የለባትም።

አሁን ለቤተሰብ ከሁሉ በላይ ወደሚጠቅመው እንምጣ። የተሳለው ፍላጎት ሃያ አራት ሰዓት አይጮህም። የሚነቃው በምልክት ነው። ይኸውም ድሮ ከነገሩ ጋር አብሮ የነበረ ሁሉ ነው፦ ያ መንገድ፣ ያ ጓደኛ፣ ያ የስልክ ጥሪ፣ የገራባው ሽታ፣ ወሩ መጨረሻ ላይ ኪስ የገባ ደመወዝ፣ ከዙህር በኋላ ያለው ሰዓት። ሲጋራ አጫሽ የሆነ ጾመኛ በቤታችሁ ካለ ተመልከቱት። ረፋድ ላይ ደህና ነው፤ መግሪብ ሲቃረብ ይቅበጠበጣል። ኒኮቲን ካጣ ብዙ ሰዓት ስለሆነው ነው እንዳትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፕላን አስተናጋጆች ላይ የታተመ አንድ ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። አጫሽ አስተናጋጆች በአጭር በረራ መጨረሻ ላይ የሚሰማቸው ሀራራ፣ በረጅም በረራ ላይ በዚያው ሰዓት ከሚሰማቸው ይበልጣል። ሳያጨሱ የቆዩበት ሰዓት እኩል ሆኖ ሳለ ሀራራውን የቀሰቀሰው የማረፊያው መቃረብ ነው።

የቦታን ጉልበት የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች ሄሮይን ጀምረው ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 የተመለሱትን ተከታትለው ሲያጠኑ፣ ከአምስት አንዱ ያህሉ እዚያ ሳለ የሱስ ምልክት እንደነበረበት ተናገረ። አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ግን ከነዚህ ሱሰኞች ተመልሶ ሱስ የያዘው ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበር። ሰፈሩ፣ ጓደኛው፣ ጭንቀቱ፣ ሁሉም ባሕር ማዶ ቀርቶ ነበር። የኛ ልጅ ግን ከሕክምና ወጥቶ የሚመለሰው ወዴት ነው? ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ማዕዘን ነው።

እዚህ ላይ የሚያስታውሰን ነገር አለ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጠጥ ሐራም ከሆነ በኋላ ይጠመቅባቸው የነበሩትን የዕቃ ዓይነቶች፣ ቅሉንና እንስራውን ጭምር፣ ለተወሰነ ጊዜ ከልክለው ነበር። በኋላ ሰዎች ከመጠጡ ሲርቁ ዕቃዎቹ ተፈቀዱ፤ አስካሪው ነገር እንደተከለከለ ቀረ። ዑለማዎች ለዚህ ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ሰዎቹ መጠጡን ከተዉ ገና ቅርብ ጊዜ መሆኑ ነው። እኛ ሐዲስን ለአንጎል ሳይንስ ማስረጃ ለማድረግ ከሚቸኩሉት ወገን አይደለንም። ሐዲስ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ሳይንሱም ነገ ሊሻሻል ይችላል። ነገር ግን ገና ትናንት የተወን ሰው ዕቃውን ፊቱ አስቀምጦ "ጠንክር" ማለት የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አካሄድ እንዳልነበር መናገር እንችላለን።

የፕሮፌሰሮቹ ሐሳብ የመጨረሻው ቃል ነው አንልም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ባሪ ኤቨሪትና ትሬቨር ሮቢንስ ሱስን በይበልጥ ሥር እንደሰደደ ልማድ ያዩታል። ሌሎችም በማቋረጥ ጊዜ በሚመጣው ጭንቀት ላይ ያተኩራሉ። ክርክሩ ቀጥሏል፤ ሆኖም ሮቢንሰንና ቤሪጅ ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. የ2019ን ግራውሜየር የተባለውን የሥነ ልቦና ሽልማት ተጋርተዋል።

አንዳንዱ ወጣት ይህንን ሰምቶ "እንግዲያው አንጎሌ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?" ሊል ይችላል። አይሆንም ወንድሜ! ሀራራው መምጣቱ በእጅህ ላይሆን ይችላል፤ ዛሬ በየትኛው መንገድ ወደ ቤትህ እንደምትሄድ ግን በእጅህ ነው። አእምሮው አብሮት ያለ ሰው ሁሉ ተጠያቂ ነው። በቡኻሪ እንደተዘገበው በመጠጥ ምክንያት ደጋግሞ እየተያዘ የሚቀርብ አንድ ሰሃባ ነበር። አንድ ቀን ከተገኙት ሰዎች አንዱ ሲረግመው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን የሚወድ መሆኑንም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም። ፍቅሩም አልተካደበትም። በቤታችን ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የሚያቅተን ለምንድን ነው? አንዱ ቤት ልጁን ይረግምና ያባርረዋል፤ ሌላው ቤት ደግሞ "ታሞ ነው" እያለ የሱሱን ገንዘብ ይሰጠዋል።

ለቤተሰብ ጥቂት እንጨምር። መጠጥ ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣን ሰው ወይም የእንቅልፍ ክኒን የለመደን ሰው ክፍል ውስጥ ቆልፎ ድንገት ማስቆም አደገኛ ነው። መንቀጥቀጥና የሚጥል ሕመም ሊያስከትልበት፣ ሊገድለውም ይችላል። ይህ በሐኪም እጅ የሚሠራ ነው። ሄሮይን ወይም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለምዶ ለወራት ያቆመ ሰው ደግሞ ተመልሶ የድሮውን መጠን ቢወስድ ያ መጠን ሊገድለው ይችላል፤ ሰውነቱ ልምዱን ረስቷልና። ይህንን ከመከሰቱ በፊት ልትነግሩት ይገባል። ከጫት በኋላ ምርቃናውን ለመስበር ወደ ጨብሲ የሚሄደውም አንድ ሱስ ሳይሆን ሁለት ይዞ እንደሚገባ እወቁ።

ልጁን "እንፈትነው" ብላችሁ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አትተዉለት። ደመወዙን እናቱ ወይም እህቱ እንድትይዝለት ራሱ ከተስማማ ትልቅ እገዛ ነው። አባት ሆይ፣ በቤትህ ሳሎን በርጫ ዘርግተህ፣ ገራባው ምንጣፍ ላይ ተበትኖ፣ ልጅህን ጓዳ ሆኖ እንዲታገስ አትጠብቀው። ከዙህር እስከ መግሪብ ያለውን ሰዓት ባዶ አትተዉበት፤ ሥራም ይሁን ቂርአት ወይም የአጎቱን ሱቅ መጠበቅ፣ ከቤቱና ከድሮው ማዕዘን የሚያርቀው ነገር ይሁን። ተመልሶ የወደቀ ዕለት ደግሞ "ምን አገኘህበት?" የሚለውን ጥያቄ ተዉት፤ መልስ የለውም። "የት ነበርክ? ከማን ጋር? ምን አይተህ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። የዚህ መልስ ነገ የትኛውን መንገድ መዝጋት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ስለ ጫት ሸሪዓዊ ፍርድና ዑለማዎች ስለተለያዩበት ነጥብ የጠየቃችሁን አድማጮች፣ ጉዳዩ ራሱን የቻለ ጊዜ ስለሚፈልግ ኢንሻአላህ በቀጣዩ ፕሮግራማችን ይዘነው እንቀርባለን።